አራት ልብስ የለበሰው ወንበር

ፍራንክፈርት ከተማ ውስጥ አንድ ባለታፒሴሪ ሽማግሌ ነበሩ። ሙያውን የለመዱት መርካቶ ነው፤ ልጅ ሳሉ፣ የታክሲ ወንበር ሲፈታና ሲሰፋ እያዩ። ባሕር ተሻግረውም መርፌያቸውን አልጣሉም። ሶፋ ይመጣላቸዋል፤ የምግብ ቤት ወንበር ይመጣላቸዋል፤ አልፎ አልፎ ደግሞ አሮጌ መኪና ይመጣላቸዋል።

አንድ ማለዳ አንድ የአገራቸው ልጅ አሮጌ ፎልክስዋገን እየነዳ መጥቶ በራቸው ላይ አቆመ። ያችን ፊቷ ክብ፣ ሆዷ ሰፊ የሆነችውን ሚኒባስ የማያውቅ የለም። በፈረንጆቹ 1950 ቮልፍስቡርግ ላይ መሠራት ጀመረች፤ በ1956 ሥራው ወደ ሃኖቨር ተዛወረ። ቬስትፋሊያ የሚባለው የቪደንብሩክ ፋብሪካ ደግሞ ገና ከ1951 ጀምሮ ውስጧን እያሰናዳ፣ መኝታና ቁም ሳጥን እየገጠመ፣ መኪናዋን ቤት ሲያደርጋት ኖሯል። የወጣቱ መኪና የ1974 ሥሪት ናት። ሚስቱንና ልጆቹን አሳፍሮ የአልፕስን ተራራ ሊሻገርባት አስቧል።

ከዚያ በፊት ግን ታርጋዋን ማውጣት ፈልጓል። ጀርመን አገር ሠላሳ ዓመት የሞላው መኪና ከቁጥሩ መጨረሻ ላይ «ኤች» የሚል ፊደል ያለበትን የታሪካዊ መኪና ታርጋ ሊያገኝ ይችላል። እንዲያው ግን አይሰጥም፤ መርማሪ አይቶ መኪናዋ በደንብ መያዟንና ከጥንት መልኳ አለመራቋን መመስከር አለበት። የምርመራው ቀን ደግሞ ተቆርጧል።

«ጋሼ፣ የሾፌሩን ወንበር አልብሱልኝ» አላቸው። «ጥቁሩ ቆዳ ከዳር ተቀዷል። ሌላ ምንም አልፈልግ፤ በላዩ ላይ ይልበስ። መርማሪው እንደሆነ የሚያየው ላዩን ነው።»

ሽማግሌው መልስ አልሰጡም። የመኪናዋን በር ከፍተው ወጡና ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ወደ ግራ ዘንበል አሉ፤ ወደ ቀኝ ዘንበል አሉ። ወረዱ።

«መናከስ የጀመረው መቼ ነው?»

«ምኑ ጋሼ?»

«ወንበሩ ነዋ።»

ወጣቱ ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን ተወ። «እሱማ በግራ ጭኔ በኩል ትንሽ ይወጋኛል። ስነዳ ትራስ ቢጤ ጣል አደርግበታለሁ።»

«በል እንፍታው» አሉት።

ወንበሩን ከሐዲዱ አውጥተው ጠረጴዛ ላይ ገለበጡት። ችኩል ሰው ቢሆን ምላጭ አንሥቶ ይሸረክተው ነበር። እሳቸው ግን ልብሱን ከብረቱ ጋር የያዙትን ትንንሽ የሽቦ ቀለበቶች በፒንሳ አንድ በአንድ ከፈቱ፤ እየከፈቱም ጣሳ ውስጥ ጣሉ። ወጣቱ ሰዓቱን አየ። ጣሳው ተንኳኳ፣ ደግሞ ተንኳኳ፤ ጥቁሩ ቆዳ ሳይቀደድ ተገፈፈ።

ከሥሩ ቡናማ ከፋይ ነበር።

ከፋዩን ፈቱ። ከሥሩ ብርቱካንማ መስመር ያለው ጨርቅ ወጣ። ጨርቁን ፈቱ። ከሥሩ ግራጫ ቪኒል ወጣ፤ የፋብሪካው የራሱ ልብስ። መኪናዋ ከሰው ወደ ሰው ስትሸጥ፣ የገዛት ሁሉ የፊተኛውን ልብስ ሳያወልቅ የራሱን ደርቦባታል። አንዱም እንዲያው የተለጠፈ አይደለም፤ ሁሉም ደህና ጨርቅ ነው፤ ሁሉም በጥሩ እጅ ተሰፍቷል።

ሽማግሌው አራቱን ልብሶች ወለሉ ላይ ጎን ለጎን ዘረጉ። ቆም ብለው አዩአቸው። ከዚያም አንሥተው እንደነበሩበት ደራረቧቸው፤ ግራጫውን ከታች፣ ባለመስመሩን በላዩ፣ ከፋዩን በላዩ፣ ጥቁሩን ከሁሉ በላይ። ማዕዘኑን ከማዕዘን፣ ስፌቱን ከስፌት አገናኝተው በመዳፋቸው ዳበሱት። ክምሩን ለወጣቱ በሁለት እጁ አስያዙት። ቀጥለው ወስፌ አነሡ።

ወጣቱ ሊወጉት መስሎት እጁን ሰብሰብ አደረገ። እሳቸው አልወጉም። ወስፌውን በግራው ዳር በኩል ቀስ አድርገው ሰደዱት። ጥቁሩን አለፈ። ከፋዩን አለፈ። ባለመስመሩን አለፈ። ግራጫውን አለፈ። ጫፉ በወዲያ ማዶ ብቅ አለ፤ አንድ ክር አልበጠሰም፤ አንድም ጨርቅ አልነካም።

«አምስተኛውን ልስፋልህ?» አሉት።

ወጣቱ መልስ አልነበረውም። ክምሩን አስቀምጦ ራቁቱን የቀረውን ወንበር ጎንበስ ብሎ ማየት ጀመረ። ከኮኮናት ጭረትና ከእንስሳ ጸጉር ተሠርቶ በጎማ የተያያዘው ሙሌት በዚያ በኩል ተፈርፍሮ ዱቄት ሆኗል። ከሥሩ ያለው ጆንያ በስብሷል። መሪዋ በግራ ስለሆነ ሾፌር ሁሉ ሲገባም ሲወጣም የሚንሸራተተው በዚያው ዳር ነው፤ መጀመሪያ የደከመውም የዚያ ዳር ሞላ ነው። ተሰብሮ ጫፉ ወደ ላይ ቀንቷል። የእሱን ሸክም የተሸከሙት ሁለቱ ጎረቤቶቹም ቆይተው ተሰብረዋል። ዝገቱ ወደ ማቀፊያው ብረት ተሻግሯል።

«ብየዳ ቤት ልውሰደው?»

«ሞላ በብየዳ አይድንም ልጄ። እሳት ሲነካው ጉልበቱ ይከዳዋል። የያዘ ይመስልሃል፤ ትንሽ ቆይቶ እዚያው አጠገብ ይሰበራል።»

ከተጣለ ወንበር የወጡ ጤነኛ ሞላዎች ፈልገው አመጡ። ብረቱን በሽቦ ብሩሽ ፈግፍገው የዝገት መከላከያ ቀለም ቀቡት። ሞላዎቹን በወፍራም ሲባጎ ከግራ ቀኝ፣ ከፊት ከኋላ ወጥረው አሰሯቸው። አዲስ ጆንያ ሰፉባቸው፤ በጆንያው ላይ አዲስ ሙሌት አኖሩ። ልብሱ የመጣው በመጨረሻ ነው። ግራጫውን ቪኒል ስፌቱን ፈትተው በየቁራጩ ለያዩት፤ በአዲስ ግራጫ ቪኒል ላይ አስተኝተው በጠመኔ ሣሉት። ሲሥሉም የጨርቁን ዳር አልተከተሉም፤ ዳሩ በዘመን ብዛት ተለጥጧል። የተከተሉት የድሮውን መርፌ ቀዳዳ ነው። ቪኒል ብርድ ሲመታው ስለሚደርቅ፣ ማሞቂያው አጠገብ አለስልሰው ነው የወጠሩት።

ይህ ሁሉ ሲሆን የምርመራው ቀን አለፈ። ወጣቱ ሌላ ቀን አስቆረጠ።

እንግዲህ፣ ከእነዚያ ወንበሩን ካለበሱት ሰዎች አንዳቸውንም ሰነፍ ወይም ንፉግ ለማለት አልደፍርም። ከፋይ በነጻ አይገኝም። ሁሉም ከኪሳቸው አውጥተዋል፤ ሁሉም ቀለም መርጠዋል። ደግሞም ተመችቷቸው ነበር፤ ልብስ በተደረበ ቁጥር የሞላው ጫፍ ከጭን ይርቃል። እኔ የምፈራው ይህንን ምቾት ነው፤ ወር ሁለት ወር ይሰጣል፣ ሰውም ነገሩ አለቀ ብሎ ይሄዳል። ልብሱ መልሶ ሲቀደድ የሚወቀሰው ልብሱ ነው፦ ከፋይ አይበረክትም፣ ቆዳ ይሻላል።

በየአገሩ ያሉ ማኅበሮቻችንን የሚያውቅ ሰው ይህን ወንበር አይቶታል። ሊቀ መንበር ይወርዳል፤ ሌላ ይወጣል። ደንቡ ይሻሻላል፤ ማኅተሙ ይቀረጻል፤ ስሙ እንኳን ይለወጣል። አዲሱ ኮሚቴ በጭብጨባ ተመርጦ ለጥቂት ጊዜ ደህና ይሄዳል። ከዚያ ሰው መቅረት ይጀምራል። መቅረት የሚጀምረውም ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ነው፤ የገንዘቡ ሒሳብ ሲነሣ። ሽማግሌ ይላካል፤ «ያለፈው ይለፍ፣ ዛሬ አዲስ እንጀምር» ይባላል፤ ይታቀፋሉ፤ እንባም አለ። እንባው እውነተኛ ነው፤ ፍቅሩም እውነተኛ ነው። የየኮሚቴውን ቃለ ጉባኤ ደራርቦ ያየ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

ያ የመጀመሪያው ሰው ግራጫውን ቪኒል ገልጦ ቢያይ ኖሮ የሚያገኘው አንድ የተሰበረ ሞላ ነበር። ጆንያው ገና ጤነኛ ነው፤ ብረቱም አልዛገም። የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ወጣቱ ግን ለሦስት ሞላ፣ ለጆንያው፣ ለሙሌቱና ለብረቱ ከፈለ፤ ከሒሳቡ ሁሉ ትንሹ የልብሱ ነበር።