መልሱን መምህሯም የማያውቁት ጥያቄ

ማይክሮባዮሎጂስቷ ፕሮፌሰር ጆ ሃንደልስማን እ.ኤ.አ. በ2012 በየል ዩኒቨርሲቲ ለጀማሪ ተማሪዎች አዲስ ኮርስ ሲከፍቱ ነገሩን ከአፈር ጀመሩት። እያንዳንዱ ተማሪ ከጓሮም ይሁን ከመንገድ ዳር ጥቂት አፈር ይዞ ይመጣል። ከዚያ አፈር ውስጥ ሌላ ባክቴሪያ የሚገድል ባክቴሪያ ይፈልጋል። ይገኝ አይገኝ መምህሯም አያውቁም። ወጣት አንባቢ ከእኚህ ሴት ሥራ አንድ ነገር ቢወስድ፣ ሳይንስን ለመሥራት እስኪመረቅ አለመጠበቅን ይውሰድ።

አሠራሩ ውድ ዕቃ አይፈልግም። አንድ ግራም አፈር በንጹሕ ውኃ ይበጠበጣል፤ ከብጥብጡ ጥቂት ተወስዶ በሌላ ውኃ ይቀጥናል፤ እንደገና ይቀጥናል። በዚያች ቁንጥር አፈር ውስጥ ያለው ባክቴሪያ እጅግ ብዙ ስለሆነ፣ ካልቀጠነ ሳህኑን ሞልቶ አንዱ ከሌላው አይለይም። የቀጠነው ፈሳሽ የባክቴሪያ ምግብ በረጋበት የፔትሪ ሳህን ላይ ይቀባል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ነጭ፣ ቢጫ፣ ብርቱካናማ ነጠብጣቦች ብቅ ይላሉ፤ አንዳንዶቹ ዱቄት የተነሰነሰባቸው ይመስላሉ። ተማሪው እያንዳንዱን በስቴኪኒ ጫፍ ነካ እያደረገ ሌላ ባክቴሪያ ወደተዘራበት ሳህን ያሻግራል። የተዘራው ባክቴሪያ ከአደገኞቹ ጋር የሚዛመድ፣ ነገር ግን ለተማሪው የማያሰጋ ነው። ሲበቅል በአንዱ ነጠብጣብ ዙሪያ ምንም ያልበቀለበት ጥርት ያለ ቀለበት ከታየ፣ ያ ነጠብጣብ ጎረቤቱን የሚገድል ነገር እያመነጨ ነው ማለት ነው።

ብዙ ጊዜ የሚገኘው ቀድሞ የታወቀ ንጥረ ነገር ነው። ቢሆንም ፍለጋው ጨዋታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት በዓለም ላይ 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደሞቱ ተገምቷል፤ አዲስ አንቲባዮቲክ ደግሞ እንደ ልብ አይገኝም።

ሃንደልስማን ይህን ኮርስ የፈጠሩት አንድ ነገር አሳስቧቸው ነው። ኮርሱን በከፈቱበት በ2012 በሰብሳቢነት የተሳተፉበት፣ ለአሜሪካ ፕሬዚዳንት የቀረበ ሪፖርት፣ ሳይንስና ምህንድስና ለመማር አስበው ኮሌጅ ከሚገቡት በዚያው ዘርፍ የሚመረቁት ከ40 በመቶ በታች መሆናቸውን አሳየ። ጥለው የሚሄዱት ሁሉ ትምህርቱ ከብዷቸው አይደለም። አሰልቺ የመጀመሪያ ዓመት ኮርሶችና «እዚህ ቦታ የለህም» የሚል የክፍል ድባብም ያባርራሉ። በሁለተኛው ይበልጥ የሚጎዳው ከቤተሰቡ ዩኒቨርሲቲ የገባ የመጀመሪያው ልጅ ነው፤ ጥቁር ተማሪ ነው፤ እየሠራ የሚማር ነው። ሃንደልስማን ወደ ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ከተመለሱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2018 «ታይኒ ኧርዝ» በሚል ስም ያስፋፉት ይኸው የአፈር ምርምር፣ ክፍያቸው አነስተኛ ወደሆነ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች ጭምር ገብቷል። ትልቅ ቁም ነገር ነው፤ የምርምር ዕድል በወትሮው የሚደርሰው ቀድሞ ለተመረጡት ነበርና።

በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ ላብራቶሪ ውስጥ አንዱ ሲሠራ ሌሎቹ ከኋላ ቆመው የሚያዩበትን ፕራክቲካል የሚያውቅ ተማሪ ደግሞ፣ ዕቃ እስኪሟላ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥ። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አየ። ቀንድ አውጣው የብልሃርዚያ አስተላላፊ ነው። ያንን ዕይታ ወደ ላብራቶሪ ወስዶ ዓመታት ሠራበት፤ እ.ኤ.አ. በ1989ም ከለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀበለ። ጥያቄው የተገኘው ማንም በሚያልፍበት ወንዝ ዳር ነው።

የታየው ግን ይጻፍ፤ ቀኑም ይጻፍ። አልበርት ሻትዝ የድሃ ገበሬ ልጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1943፣ የ23 ዓመት ተማሪ ሳለ፣ በራትገርስ ዩኒቨርሲቲ የምድር ቤት ላብራቶሪ የሳንባ ነቀርሳን ለማከም የበቃውን ስትሬፕቶማይሲን ለየ። የኖቤል ሽልማቱ እ.ኤ.አ. በ1952 ለፕሮፌሰሩ ለሰልማን ዋክስማን ብቻ ተሰጠ። ሻትዝ ከዚያ በፊት ከስሶ የግኝቱ ተባባሪ መሆኑ ታውቆለታል፤ ሙከራውን የመዘገበበት የላብራቶሪ ደብተርም በዩኒቨርሲቲው ማኅደር ተገኝቷል። ተማሪ ለመምህሩ አክብሮት ይኑረው፤ የሠራውንም በራሱ እጅ ይመዝግብ።

ይህ ምክር ለሴት ልጆች በእጥፍ ያስፈልጋል። ሃንደልስማንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት፣ 127 የሳይንስ መምህራን አንድ ዓይነት የላብራቶሪ ሥራ ማመልከቻ ደረሳቸው፤ ግማሹ ላይ የተጻፈው ስም ጆን፣ ግማሹ ላይ ጄኒፈር ነበር። ለጆን በአማካይ 30,238 ዶላር ደመወዝ ሲገምቱ ለጄኒፈር 26,508 ገመቱ። ሴት መምህራንም ከወንዶቹ አልተለዩም። ስለዚህ ወጣቷ ተመራማሪ የድጋፍ ደብዳቤ ስትጠይቅ ደብተሯን ይዛ ትግባ። መምህሯ «ታታሪ ናት» ብሎ እንዳያልፍ ገጾቹን ከፍታ ታሳየው፤ የለየችውን፣ የለካችውን፣ አልሳካ ብሏት የደገመችውን በዝርዝር እንዲጽፍላት ትጠይቀው።