ምክንያቱ ያልታየንን ምልክት ማክበር ተገቢ ነውን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



በመካከላችን ዘወትር የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም «አትብላ፣ አትሂድ፣ ቁም የሚል ትእዛዝ ሲመጣ፣ ምክንያቱ ካልተነገረን ልንፈጽመው ይገባናልን?» የሚል ነው። ከፊሎቻችን «ታዛዥ ሰው አይጠይቅም» እንላለን። ከፊሎቻችን ደግሞ፣ በተለይም በዩኒቨርሲቲ ያለነው፣ «ለምን ብሎ መጠየቅን የተማረ ሰው ያልገባውን ቢፈጽም ትምህርቱ ምን ጠቀመው?» እንላለን። ሁለቱም ወገኖች ከእውነቱ ከፊሉን ስለ ያዙ ነገሩን በምሳሌ መመርመር ይሻላል። ምሳሌያችንም የባቡር ምልክት ነው።

ወደ ጎንደር ሐዲድ ተዘርግቶ አያውቅም። ሆኖም ባቡር ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ለስዊሳዊው አልፍሬድ ኢልግ የሥራውን ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። ለገሃር የምንለው የጣቢያ ሕንፃ የተመረቀው በ1922 ዓ.ም. ሲሆን፣ ስሙም «ጣቢያው» ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል የመጣ ነው። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ መስመር በሌላ በኩል ስለሚያልፍ፣ ለገሃር የቀድሞው ዘመን ቅርስ ሆኖ ቀርቷል።

በውጭው ዓለም በቅርስነት በተጠበቁ ብዙ የባቡር ጣቢያዎች ሴማፎር የሚባል መሣሪያ እስከ ዛሬ ይታያል። ቃሉ ከግሪክ የተገኘ ሆኖ «ምልክት ተሸካሚ» ማለት ነው። ሴማፎር በረጅም ምሰሶ ላይ የተሰካ ክንድ ነው። ክንዱ አግድም ሲዘረጋ «ቁም» ይላል፤ ሲያዘነብል «እለፍ» ይላል። ሌሊት በክንዱ ፈንታ ቀይና አረንጓዴ መብራት ይታያል። በፒያሳችን የትራፊክ ፖሊስ እጁን ዘርግቶ መኪና ሲያቆም ያየ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። ክንዱን የሚያንቀሳቅሰው ምልክት ሰጪ ግን ከምሰሶው ርቆ በቤት ውስጥ ሆኖ በረጅም ሽቦ ይስበዋል።

እንግዲህ ባቡር ነጂው ክንዱ ተዘርግቶ ባየ ጊዜ የሚቆመው ለምንድን ነው? ከፊቱ ሌላ ባቡር ይኑር፣ ሐዲዱ ይሰበር አያውቅም፤ ኩርባውና ኮረብታው ጋርዶታል። ከባድ ባቡር በፍጥነት ሲሄድ ፍሬን ቢያዝም እንኳ ለመቆም ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ሊፈጅ ይችላል። ስለሆነም ነጂው ምክንያቱን በዓይኔ ካላየሁ አልቆምም ቢል፣ ምክንያቱን የሚያየው ማቆም በማይችልበት ጊዜ ነው። ከዚህ የምንረዳው፣ ምክንያት አለመታየቱ ምክንያት የለም ማለት አለመሆኑን ነው። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚሉትም ለዚህ ነው።

በአገራችን የደረሰውንም እናስታውስ። በ1977 ዓ.ም. ጥር ወር ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ ይመጣ የነበረ ባቡር፣ አዋሽ ድልድይ አጠገብ ባለው ኩርባ ፍጥነቱን ሳይቀንስ በመግባቱ ከሐዲዱ ወጥቶ ከ400 በላይ ሰዎች አለቁ። ፍጥነቱን መቀነስ የነበረበት እጅ የአንድ ሰው ነበር፤ የሞቱት ግን ብዙዎች ናቸው። «ቁም» ወይም «ቀስ በል» የሚለው ቃል ለአንዱ ቢነገርም፣ የሚጠብቀው ከኋላው የተሳፈሩትን ሁሉ ነው።

ነገር ግን ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ «ዝም ብለህ ታዘዝ» የሚሉት ወገኖች ያሸንፉ ነበር። አያበቃም። በ1876 እ.ኤ.አ. ጥር ወር በእንግሊዝ አገር አቦትስ ሪፕተን በተባለ ስፍራ በረዶ በክንዶቹ ላይ ረጋ። በዚያን ዘመን ክንዶቹ ዘወትር «እለፍ» እያሉ ይቆዩና አደጋ ሲኖር ብቻ ወደ «ቁም» ይመለሱ ነበር። ምልክት ሰጪው የድንጋይ ከሰል የጫነውን ባቡር ከመንገድ ለማስወጣት «ቁም» ብሎ እጀታውን ቢመልስም፣ ክንዱ በበረዶ ተይዞ «እለፍ» እንዳለ ቀረ። ፈጣኑ ባቡር ምልክቱን አምኖ ገባና ተጋጨ፤ ከወዲያ በኩል የመጣ ሌላ ባቡርም በፍርስራሹ ላይ ወደቀ። ነጂው ታዘዘ፤ ምልክቱ ግን ዋሸ።

ከዚያ በኋላ አሠራሩ ተለወጠ። ክንዶቹ ዘወትር «ቁም» እያሉ እንዲቆዩ፣ መንገዱ ንጹሕ መሆኑ ሲረጋገጥ ብቻ «እለፍ» እንዲሉ ተደረገ። ሽቦው ቢበጠስ እንኳ ክንዱ በራሱ ክብደት ወደ «ቁም» እንዲመለስ ሆኖ ይሠራል። ምልክት ሰጪውም ቢሆን እንደ ልቡ አያዝም፤ ጆን ሳክስቢ የተባለ እንግሊዛዊ በ1856 እ.ኤ.አ. በባለቤትነት ባስመዘገበው ዓይነት የቁልፍ ሥራ እጀታዎቹ እርስ በርሳቸው ስለ ተያያዙ፣ ሁለት የሚጋጩ ምልክቶችን በአንድ ጊዜ መስጠት አይችልም።

ከዚህ ሁሉ ሦስት ነገሮችን እንማራለን።

1ኛ/ የመጠየቂያ ጊዜና የመቆሚያ ጊዜ የተለያዩ ናቸው። ነጂው የምልክቱን ትርጉምና ሥርዐት አስቀድሞ ይማራል፤ በምሰሶው ሥር ደርሶ ግን ክርክር አይጀምርም። እኛም «ለምን እንጾማለን? ለምን ከዚህ እንርቃለን?» ብለን በጉባኤ መጠየቅ፣ መጻሕፍትን መመርመር፣ አባቶችን ማማከር ይገባናል። ጥያቄው በፈተናው ሰዓት ብቻ የሚመጣብን ከሆነ ግን ጥያቄ ሳይሆን ማምለጫ ነው።

2ኛ/ «ቁም» የሚለውና «ሂድ» የሚለው ትእዛዝ እኩል አይደሉም። በከንቱ የቆመ ነጂ አንድ ሰዓት ይከስራል፤ በከንቱ ያለፈ ነጂ ነፍስ ያጠፋል። በመሆኑም እጃችሁን ሰብስቡ፣ ምላሳችሁን ግቱ የሚለንን ምክንያቱ ሳይታየን ልንሰማው እንችላለን። «ሂድ፣ ምታ፣ ስደብ፣ አባር» የሚለንን ግን፣ ጓደኛም ይበለው ታላቅ ወንድም፣ በስልክም ይምጣ በአደባባይ፣ በጭፍን ልንፈጽመው አይገባንም። አረንጓዴ መብራት እያየ በሐዲዱ ላይ ሰው የተመለከተ ነጂ፣ ምልክቱ ፈቅዶልኛል ብሎ አይነዳም።

3ኛ/ ምልክት የሚሰጥ ሰው ተጠያቂ ነው። ነቢዩ ሕዝቅኤል በ33ኛው ምዕራፍ ስለ ጉበኛው የጻፈው ይህንኑ ያስተምረናል። በሕፃናት ክፍል ያሉ ታናናሾቻችን መዝሙር ከመያዛቸው አስቀድመው እኛን ይመለከታሉ። ቅዳሜ ማታ ፒያሳ ላይ የሚያዩንና እሑድ በዐውደ ምሕረት የሚያዩን አንድ ካልሆንን፣ በረዶ እንደ ያዘው ክንድ «መንገዱ ሰላም ነው» እያልን ወደ ገደል እንሰዳቸዋለን።

እንግዲህ ለጥያቄያችን መልሱ ይህ ነው። ምክንያቱ ያልታየንን ምልክት ማክበር ባርነት የሚሆነው፣ ምልክት ሰጪው ራሱ ከሕግ በላይ ሲሆንና እኛም መማርን ስንተው ነው። ሰጪው በሕግ ሥር ካለ፣ እኛም ትርጉሙን ለማወቅ ከተጋን፣ በጨለማው ኩርባ ላይ መቆም የአስተዋይ ሰው ሥራ ነው። ምልክት ተሸካሚ መሆናችንንም አንርሳ፤ ከኋላችን የሚመጡ አሉና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።