የጨዋታ መጽሐፍን ማን ይመዝነዋል?

ሰው ለዕለት እንጀራው ከሚደክምበት ሰዓት የሚተርፈውን ጊዜ በልዩ ልዩ መንገድ ያሳልፈዋል። አንዱ ኳስ ይጫወታል፤ ሌላው ገበጣ ይጫወታል፤ ሌላው ደግሞ ተራራ ይወጣል፣ ፈረስ ይጋልባል፣ ወይም በግቢው ውስጥ አበባ ይተክላል። ስለነዚህ ነገሮች ሁሉ መጻሕፍት ተጽፈዋል፤ ወደፊትም ይጻፋሉ። መጽሐፍ ባለበት ሁሉ አንባቢ አለ፤ አንባቢ ባለበትም አስተያየት አይጠፋም። «ይህ መጽሐፍ ግሩም ነው» ወይም «ይህ መጽሐፍ እርባና የለውም» የሚል ቃል ከአንዱ አፍ ወጥቶ ወደ ሌላው ጆሮ ይገባል፤ ሰሚውም በዚያ ቃል ተመርቶ መጽሐፉን ያነሣዋል ወይም ይተወዋል። በዚህ ጽሑፍ ላነሣው የፈለግሁት ጥያቄ ይህ ነው፤ ስለ ጨዋታ፣ ስለ ስፖርትና ከቤት ውጭ ስለሚደረግ መዝናናት የተጻፈን መጽሐፍ መዝኖ ለመፍረድ የሚገባው ማን ነው? ጨዋታውን የሚያውቀው ነው ወይስ መጽሐፉን ያነበበው?

«ነገሩ የጨዋታ ነገር ነውና ይህን ያህል መመራመር ምን ያደርጋል?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ጉዳዩ ቀላል የሚመስለው ከሩቅ ሲያዩት ነው። አንድ ልብ ወለድ ታሪክ ያለ ዋጋው ቢመሰገን አንባቢው የሚያጣው ጥቂት ሰዓትና ጥቂት ብር ነው። ስለ ዋና፣ ስለ ተራራ መውጣት ወይም ስለ አራዊት የተጻፈ መጽሐፍ ያለ ዋጋው ቢመሰገን ግን፣ ምስጋናውን አምኖ መጽሐፉን የተከተለው ወጣት አካሉን ወይም ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ከሐረር ብዙም ሳይርቅ ቁንዱዶ የሚባል፣ ዐናቱ ጠፍጣፋ የሆነና ባለቤት የሌላቸው ፈረሶች የሚሰማሩበት ተራራ አለ። ወደዚያ ለመውጣት ያሰበ ተማሪ ስለ መንገዱ የሚናገር መጽሐፍ ቢያገኝ፣ የመጽሐፉን መልካምነት የሚጠይቀው ከእርሱ በፊት ያነበበውን ሰው ነው። የተጠየቀውም ሰው ተራራ ወጥቶ የማያውቅ ከሆነ፣ በሌላው ሰው እግር ላይ ይፈርዳል ማለት ነው።

የጥንት ፈላስፎች ይህን ጥያቄ በሌላ መልክ አንሥተውታል። ዛሬ ፕላቶ የምንለው አፍላጦን ስለ መንግሥት በጻፈው መጽሐፍ በዐሥረኛው ክፍል፣ ለእያንዳንዱ ዕቃ ሦስት ዐይነት ሰዎች እንዳሉት ይናገራል፤ እነርሱም በዕቃው የሚገለገለው፣ ዕቃውን የሚሠራውና የዕቃውን ምስል የሚሥለው ናቸው። ዋሽንት የሚነፋው ሰው መልካሙን ዋሽንት ከክፉው ለይቶ ያውቃል፤ ዋሽንት ሠሪው ከነፊው ሰምቶ ያምናል፤ ሠዓሊው ግን ዕውቀቱም ትክክለኛው እምነትም የለውም። ተማሪው አርስጣጣሊስም ስለ ፖለቲካ በጻፈው መጽሐፍ፣ ቤቱን ከሠራው ሰው ይልቅ የሚኖርበት፣ ግብሩንም ካሰናዳው ወጥ ቤት ይልቅ የተጋበዘው እንግዳ የተሻለ ፈራጅ መሆኑን አመልክቷል። በዚህ አካሄድ ከሄድን የአንባቢው ፈራጅነት የተረጋገጠ ይመስላል፤ መጽሐፍ የሚጻፈው ለእርሱ ነውና።

ነገር ግን አንድ ነገር ልብ እንበል። እንግዳው በወጡ ላይ ለመፍረድ የበቃው ስለ በላ ነው። ሽታው ከደጅ የደረሰው መንገደኛ ስለ ሽታው ሊናገር ይችላል እንጂ ስለ ጣዕሙ ምንም ሊል አይችልም። ስለ ጨዋታ የተጻፈ መጽሐፍም እንዲሁ ነው። የዋና መጽሐፍ ተነቦ የሚያልቀው በውሃ ውስጥ ነው፤ የፈረስ መጽሐፍም በኮርቻ ላይ። ከ2,300 ዓመት በፊት ክሴኖፎን የተባለው ግሪካዊ የጦር ሰውና ጸሓፊ ስለ ፈረስ አያያዝ ሲጽፍ፣ ሲሞን የተባለ ሰው ከእርሱ በፊት ስለዚሁ ጉዳይ ጽፎ ስለ ነበር፣ በመግቢያው ላይ ስለ ቀዳሚው መጽሐፍ ያለውን አስተያየት ገልጿል። ሁለቱ የተስማሙበትን ነገር ከመጽሐፉ እንደማይፍቅ፣ እንዲያውም እንደ ሲሞን ያለ የፈረስ ዐዋቂ ከእርሱ ጋር መስማማቱ ቃሉን ይበልጥ የታመነ እንደሚያደርገው፣ ሲሞን የተወውን ግን እርሱ እንደሚያሟላ ተናገረ። ክሴኖፎን ይህን በድፍረት ሊናገር የቻለው፣ ራሱ እንዳመለከተው፣ ብዙ ዘመን ከፈረሰኞች ጋር የኖረ በመሆኑ ነው። አስተያየቱ ከወንበር ላይ ሳይሆን ከኮርቻ ላይ የመጣ ነበር።

እንግዲህ ከግሪክ ወጥተን ወደ ሐረር እንምጣ፤ ነገሩን በቅርብ የሚያሳየን ምሳሌ በከተማችን አለና። የጁገል ግንብ በ16ኛው መቶ ዘመን በአሚር ኑር ጊዜ እንደ ታነጸ ይነገራል፤ ግንቡና በውስጡ ያለው ከተማም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2006 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል (ከዚህ በታች የሚጠቀሱትም ዓመታት በዚሁ አቈጣጠር ናቸው)። በግንቡ ላይ ሰው ከሚገባባቸው በሮች ሌላ ጅቦች በሌሊት የሚሹለከለኩባቸው ቀዳዳዎች ይገኛሉ። የሐረሪ ሰው በቋንቋው «ወራባ» የሚላቸው እነዚህ አራዊት በጠባቦቹ መንገዶች እየተዘዋወሩ ጥራጊና አጥንት ይለቅማሉ። በዓሹራ በዓልም ቅቤ ያለበት ገንፎ ይቀርብላቸዋል፤ ከአበላላቸውም የዓመቱ ዕድል ይገመታል። ከ20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ገደማ ጀምሮ ደግሞ ማታ ማታ ከግንቡ ውጭ ሥጋ በእጅ፣ በእንጨት ጫፍ፣ አንዳንድ ጊዜም በአፍ ይዞ ጅብን ማጉረስ፣ እንግዶች የሚዝናኑበት ትርኢት ሆኗል።

ስለነዚሁ ጅቦች ማርከስ ቤይንስ ሮክ የተባለ አውስትራሊያዊ የአንትሮፖሎጂ ሊቅ፣ በሐረር ተቀምጦ በሌሊት እየተከተላቸው ያየውን በ2015 በእንግሊዝኛ መጽሐፍ አሳትሟል። ይህን መጽሐፍ ሦስት ሰዎች አገኙት እንበል። የመጀመሪያው በሩቅ አገር የሚኖር፣ የጅብ ድምፅ ሰምቶ የማያውቅ ሰው ነው። ሁለተኛው በጁገል ውስጥ ተወልዶ ያደገ የከተማው ልጅ ነው። ሦስተኛው ማታ ማታ ጅብ የሚያጐርስ ሰው ሲሆን፣ እንግሊዝኛ ስለማያውቅ እየተተረጐመ ይነበብለታል።

የመጀመሪያው አንባቢ «መጽሐፉ ደስ አሰኝቶኛል» ቢል ቃሉ እውነት ነው፤ ስለ ገዛ ደስታው ከእርሱ የተሻለ ምስክር የለምና። ነገር ግን አንድ እርምጃ አልፎ «ከጅብ ጋር መወዳጀት የማያስፈራ መሆኑን ከዚህ መጽሐፍ ተረዱ» ብሎ ለሌሎች ቢመክር፣ ያልተሰጠውን ሥልጣን ወሰደ ማለት ነው። የሐረር ሰውና የሐረር ጅብ የተላመዱት በብዙ ትውልድ ነው። በሌላ ስፍራ ጅብ ከብት የሚፈጅና በሰውም ላይ አደጋ የሚጥል አውሬ መሆኑን የገጠር ሰው ሁሉ ያውቃል። በሐረር ላይ የተጻፈውን ለሌላ አገር ምክር አድርጎ መስጠት ለሕይወት የሚያሰጋ ስሕተት ነው።

ሁለተኛው አንባቢ፣ ማለት የከተማው ልጅ፣ «ይህማ ከልጅነታችን የምናውቀው ነው፤ የውጭ አገር ሰው ስለ ወራባ ምን ሊነግረን ይችላል?» ብሎ መጽሐፉን ሊንቅ ይችላል። ይህም አነጋገር ለአገር ልጅ ጆሮ ደስ ያሰኛል። ሆኖም ጸሓፊው ጅቦቹን እየተከተለ በሌሊት ሲዞር፣ ብዙዎቻችን በራችንን ዘግተን ተኝተን ነበር። «ባልዋሉበት ኩበት ለቀማ» የሚለው የአባቶች ተረት የተነገረው ለእንግዳ ብቻ አይደለም፤ በገዛ አገሩ ተቀምጦ ያላየውን አየሁ ለሚለውም ነው። መጽሐፉ ስሕተት ቢኖርበት የከተማው ልጅ ለማረም ከማንም የቀረበ ነው፤ ሊያርመው የሚችለው ግን ስሕተቱን ነጥሎ ሲያሳይ እንጂ የተወለደበትን ቀበሌ ሲጠራ አይደለም።

ሦስተኛው፣ ጅብ አጕራሹ፣ የጅብ ጥርስ በጣቱ አጠገብ ሲያልፍ የኖረ ነው። መጽሐፉ ጅብ ምግብ እንዴት እንደሚቀበል፣ የትኛው እንደሚቀድምና የትኛው እንደሚፈራ በሚናገርበት ስፍራ ሁሉ የእርሱ ቃል ከማንም ቃል ይመዝናል። ነገር ግን ጅቡ ጠግቦ ወደ ዋሻው ከሄደ በኋላ የሚያደርገውን እርሱም አላየውም። እንደዚህ ብናስተውል ሦስቱም ፈራጆች ናቸው፤ ዳሩ ግን ከሦስቱ አንዱም በመጽሐፉ ሁሉ ላይ ፈራጅ አይደለም። ስለ መጽሐፍ የሚሰጥ አስተያየት ምስክርነት ነው። ምስክርም በዳኛ ፊት ሲቆም አስቀድሞ የሚጠየቀው «የት ሆነህ አየህ?» ተብሎ ነው።

ይህን ጥያቄ ስንዘነጋ ምን ዐይነት ክርክር እንደሚነሣ ገበጣ ያሳየናል። ሪቻርድ ፓንክኸርስት የተባሉት የኢትዮጵያ ታሪክ ሊቅ በ1971 «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» በተባለው መጽሔት ላይ ባወጡት ጽሑፍ፣ በኢትዮጵያና በአፍሪቃ ቀንድ የሚገኙ ከመቶ በላይ የገበጣ አጨዋወቶችን ሰብስበው ገልጸዋል። አንድ የገበጣ ተጫዋች ከነዚህ አንዱን አንብቦ «እንዲህ ተብሎ አይጫወቱም፤ መጽሐፉ ተሳስቷል» ቢል፣ ሌላውም የተጻፈውን ይዞ «አንተ ነህ የተሳሳትከው» ቢለው፣ ጠቡ ማለቂያ የለውም። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይባላል። ተጫዋቹ «በእኛ ሰፈር እንዲህ ነው» ቢል ግን እውነቱን ተናገረ፤ መጽሐፉንም ሳያፈርስ አንድ አጨዋወት ጨመረበት።

የአንባቢ አስተያየት ሌላም ኀይል አለው፤ ወደፊት የሚጻፈውን መጽሐፍ ይቀርጻል። ሻምበል አበበ ቢቂላ በ1960 በሮም ኦሊምፒክ ማራቶንን ያለ ጫማ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ማሸነፉን የማያውቅ የለም። በ1964 በቶኪዮ ደግሞ፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ ጫማ አድርጎ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ አሸነፈ። ስለ እርሱ የውጭ አገር ሰዎች መጻሕፍት ጽፈዋል፤ ልጁም ጽፋለች። ነገር ግን ስሙ በተነሣ ቍጥር ከሁሉ ቀድሞ የሚጠራው ባዶ እግሩ ነው። በክቡር ዘበኛ ያገኘው ሥርዐት፣ ከስዊድናዊው አሠልጣኝ ከኦኒ ኒስካነን ጋር ያደረገው የረዥም ጊዜ ልምምድ፣ በቶኪዮም በጫማ የሮጠው የተሻለ ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራሉ። አንባቢ ድንቅ ነገር ብቻ የሚያመሰግን ከሆነ፣ ጸሓፊም ድንቁን እያገነነ ድካሙን ይተወዋል፤ ለመሮጥ የተነሣው ልጅም ከመጽሐፉ የሚማረው ጫማ ማውለቅን ብቻ ይሆናል።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያሳዝነው ደግሞ አስተያየታቸው የማይጠየቀው ሰዎች ነገር ነው። በዛፍ ጥላ ሥር ገበጣ የሚጫወቱ ሽማግሌዎች፣ በገና በዓል ሩሯን በዱላ የሚያባርሩ ጎበዞች፣ ጅብ አጕራሾቹም ስለ እነርሱ የተጻፈውን አያነቡትም። ስለ እነርሱ የተጻፈውን መጽሐፍ የሚያመሰግነውም የሚነቅፈውም እነርሱን አይቶ የማያውቅ ነው። አፍላጦን ባለዋሽንቱን ፈራጅ አድርጎ ሳለ፣ እኛ ባለዋሽንቱን ከደጅ አቁመን ስለ ዋሽንት እንከራከራለን። ይህ ለዕውቀት ጕድለት ነው፤ ለሰዎቹም በደል ነው።

መድኀኒቱ ግን ከእጃችን የራቀ አይደለም። የግእዝ መጻሕፍት ትርጓሜ «አንድም» እያለ የልዩ ልዩ መምህራንን አሳብ ጐን ለጐን ማኖር ልማዱ ነው፤ አንዱ አሳብ ሌላውን አይፍቀውም። ሐረርም በመጽሐፍ ጽሕፈትና በድጕሰት ስሟ የታወቀ ከተማ ናት፤ በቆዩት የእጅ ጽሑፎቿም ጠርዝ ላይ በኋላ ያነበቡት ሰዎች ያሰፈሩት ማብራሪያ ይታያል።  መምህራን ስለ ጨዋታ የተጻፈ መጽሐፍ በክፍል ሲያስነብቡ፣ ተማሪው መጽሐፉን ይዞ ወደ ተጫዋቹ ዘንድ ሄዶ እንዲያነብለትና የሰማውን ቃል በደብተሩ እንዲያሰፍር ቢያዙት፣ ያ ደብተር ከመጽሐፉ ጋር አብሮ ሊቀመጥ የሚገባው «አንድም» ይሆናል። በየመሥሪያ ቤቱ ያለነውም በሻይ ሰዓት ስለ ስፖርት መጽሐፍ ስንነጋገር፣ እስከ መጨረሻው ያነበብነው መሆኑንና አለመሆኑን፣ የተባለውንም ሞክረነው እንደ ሆነ አስቀድመን ብንናገር ክብራችን አይቀንስም።

ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቍርበት አንጥፉልኝ ይላል። ያልሞከርነውን ሞክረነዋል ብለን ስለ መጽሐፍ በምንፈርድበት ጊዜ፣ ሰሚው ስለማያውቀን ቍርበቱን ያነጥፍልናል፤ በእኛ ቃል ተመርቶ ወደ ውሃ ወይም ወደ ገደል የሚሄደው ግን እርሱ ነው። ስለዚህ አስተያየት ከመስጠታችን በፊት የቆምንበትን ስፍራ እንናገር፤ ከዚያ ወዲያ ማመንም መጠርጠርም የሰሚው ድርሻ ይሆናል።