በአንድ ስፍራ የጸና ፍጥረት ወድቋልን?

አበው የሥነ ፍጥረትን ነገር ሲያስተምሩ፣ እግዚአብሔር በዕለተ ሐሙስ ከባሕር ያስገኛቸውን በልብ የሚሳቡ፣ በእግር የሚሽከረከሩ፣ በክንፍ የሚበሩ ብለው በሦስት ይከፍሏቸዋል። ሦስቱም ወገኖች የሚለዩት በአካሄዳቸው ስለ ሆነ፣ ከቆመበት የማይነቃነቅ እንስሳ በባሕር ቢገኝ ከየትኛው እንቈጥረዋለን?

እንዲህ ያለ እንስሳ በእውነት አለ። ሊቃውንተ ተፈጥሮ አሲዲያ የሚሉት፣ ሲነኩት ከሁለት ቀዳዳዎቹ ውኃ የሚረጨው ፍጥረት፣ ከዋልታ እስከ ዋልታ ባለው ባሕር ሁሉ ከዓለት፣ ከሞተ ኮራል፣ ከባሕር ዳር ዛፎች ሥርና ከወደብ ምሰሶ ጋር ተጣብቆ ይኖራል። ዓይነቱ ወደ 3,000 ይደርሳል፤ ጨው በሌለው ውኃ ግን አንድ ስንኳ አይገኝም። በአንደኛው ቀዳዳ ውኃውን ስቦ፣ በውስጡ ያለውን ረቂቅ ምግብ ካጠለለ በኋላ በሁለተኛው ያስወጣዋል፤ ደለል ማጥለያውን ስለሚደፍንበትም አብዛኛው ወገን የዓለቱን ሆድና የዋሻውን ግድግዳ ይመርጣል። ከናፖሌዎን ጋር ወደ ግብፅ ከወረዱት ሊቃውንት አንዱ የነበረው ሳቪኚ፣ በቀይ ባሕር የሚኖረውን ጥቁሩን ዓይነት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1816 መርምሮ ጽፎታል።

ነገር ግን አሲዲያ ሲወለድ ዋናተኛ ነው። ከእንቍላሉ ሲወጣ ራስና ጅራት፣ ብርሃንን የሚለይ ዓይን፣ ላይና ታችን የሚያስታውቅ ሚዛን አለው፤ በጅራቱም ውስጥ የነርቭ ገመድና ከሥሩ የተዘረጋ፣ የአከርካሪን መነሻ የሚመስል ዘንግ ይገኛል። ሩስያዊው ኮቫሌቭስኪ በ1866 ይህን ባስታወቀ ጊዜ፣ ከዓለት የተጣበቀው ፍጥረት አከርካሪ ላላቸው እንስሳት፣ ለሰውም ጭምር፣ የቅርብ ዘመድ ሆኖ መገኘቱ ብዙዎችን አስደነቀ። ዋናተኛው ለጥቂት ሰዓታት፣ ቢበዛ ለጥቂት ቀናት፣ ምንም ሳይመገብ ይዋኛል፤ ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ ወደ ብርሃን፣ ኋላም ወደ ጥላ ይሄድና ግንባሩን ከአንድ ስፍራ ያጣብቃል። ያን ጊዜ ጅራቱ፣ ዘንጉና ዓይኑ ይጠፋሉ። የገዛ አእምሮውን በላ የሚሉም አሉ፤ ለቀረው ዕድሜው የሚበቃ ሌላ የነርቭ ማዕከል መሥራቱን ግን አያነሡም።

እንግሊዛዊው ሬይ ላንከስተር በ1880 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ለውጥ የመዋረድ ምሳሌ አድርጎ አቀረበው። እኔ ፍርዱን አልቀበለውም፤ የመዘነው በዓይንና በጅራት፣ ማለትም በእኛ መስፈርት ነውና። ዋናተኛው አይበላም፣ አይራባም፤ የሚበላውና ዘር የሚተካው የሰፈረው ነው። እንግዲህ ዋናው ማረፊያን ለመፈለግ ተሰጠ እንጂ፣ ማረፉ የዋናው ጥፋት አይደለም። በዓት እስኪያገኝ በየበረሃው የዞረ መናኝ፣ ካገኘ በኋላ ስለ ተቀመጠ ወደቀ የሚለው ማን ነው? እርግጥ ነው፣ መናኙ ፈቃድ አለው፣ እንስሳው የለውም፤ ስለዚህ ጽድቅን አልቈጥርለትም። ኃጢአትንና ውድቀትንም ልቈጥርበት አልችልም።

ፈቃድ ያለው ሰው ግን ይጠየቃል። በምሥራቅ እስያ ዳርቻ ይኖር የነበረ ስቲዬላ ክላቫ የተባለ አሲዲያ በ1953 በእንግሊዝ አገር በፕሊመዝ ተገኘ። ለአንድ ቀን ያህል ብቻ የሚዋኝ ግልገል ያን ሁሉ ውቅያኖስ በራሱ ኀይል ሊሻገር አይቻለውም፤ ያሻገረው በሆዱ የተሸከመው መርከብ እንደ ሆነ ይታመናል። እንዲህ ያሉ መጻተኞች በደረሱበት ወደብ የዛጎል አርቢዎችን ገመድ እየሸፈኑ፣ ለዛጎሉ የሚገባውን ምግብ ይሻሙበታል። ሰው እንስሳውን ተባይ ብሎ ይረግመዋል፤ እንስሳው ግን እዚያም የሚሠራው በተወለደበት ባሕር የሚሠራውን ያንኑ ነው፤ ሥርዓቱን ያፈረሰው እኛ ነን። ስለዚህ መርከብ ያላችሁ ወደብም የምታስተዳድሩ ሁሉ፣ መርከቡ ከወደቡ ሳይነሣ ሆዱን አስጠርጉ ብዬ እለምናለሁ።