ጡረታ፣ መና እና የዮሴፍ ጎተራ

የኢትዮጵያ መንግሥት ጡረታ በወር አንድ ጊዜ፣ በዓመት 12 ጊዜ ይከፈላል። ዘመን መቁጠሪያው ግን 13 ወር አለው፤ ጳጉሜን የራሷ ክፍያ የላትም። በብሪታንያ ነገሩ ይገለበጣል፦ ወሩ 12 ሆኖ ጡረታው በየ4 ሳምንቱ ስለሚገባ ክፍያው በአብዛኛው 13 ነው።

ይህ የሒሳብ ክፍል ጉዳይ ይመስላል፤ ከሥሩ ግን የቆየ ጥያቄ አለ፦ ሰው ለዕለቱ ይደር ወይስ ለነገ ያስቀምጥ? በኦሪት ዘጸአት መና የሚለቀመው ለዕለት ነበር፤ ከሰንበት ዋዜማ በቀር ያደረው ይተላል። ዮሴፍ በበኩሉ የ7 ዓመቱን ጥጋብ ለ7 ዓመቱ ረሃብ በጎተራ አከማችቷል። ጡረታ ሁለቱንም ይዟል። ሲቪል ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ መሥሪያ ቤቱ 11 በመቶ እያዋጡ ያከማቻሉ፤ ሲመለስ ግን እንደ መና ተመጥኖ ነው።

ምጠናው ጡረተኛውን እንደ ልጅ መቁጠር ነው የሚሉ አሉ፤ ግማሽ እውነት አላቸው። ሆኖም ዕድሜውን የሚያውቅ የለም፤ ባንድ ጊዜ የተሰጠ ገንዘብ ከባለቤቱ ቀድሞ ሊያልቅ ይችላል። ምጠናው የማይሸፍነውን ጡረተኛው ራሱ ይሞላል። የቤት ኪራይ፣ ጤፍና የዕድር መዋጮ ቀድመው ይነሣሉ፤ መድኃኒት ከተረፈው ነው። የነሐሴው ክፍያ ጳጉሜንን ስለሚሸከም 35፣ አንዳንዴም 36 ቀን መድረስ አለበት፤ የእንቁጣጣሽ ዶሮም የሚገዛው ከዚያው ነው።