አራሷንም እንጠይቅ



በአገራችን አንዲት ሴት በሰላም ስትገላገል «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እንላታለን። ገንፎ ይገነፋል፤ እልልታ ይሰማል፤ ጎረቤት ሁሉ ሕፃኑን ለማየት ይመጣል። ይሁን እንጂ በዚያ ሁሉ ደስታ መካከል ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ የምታለቅስ እናት ልትኖር ትችላለች። «እግዚአብሔር ልጅ ሰጥቶሽ ታለቅሻለሽን?» በተባለች ጊዜም ኀዘኗን ትሰውራለች፤ በሥቃይዋ ላይ ኀፍረት ይጨመርባታል።

ከወሊድ በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት የሚታየው ሆደ ባሻነት የተለመደ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ያልፋል። ኀዘኑና ጭንቀቱ ከዚያ አልፎ ሲጸና፥ ሕፃኑ ተኝቶ እንኳ እናቲቱ እንቅልፍ ስታጣ፥ ራስዋንም እንደማትረባ እናት ስትቆጥር ግን ይህ ሕመም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው፥ በዓለም ላይ ከወለዱ 100 እናቶች መካከል 13 ያህሉ፥ በታዳጊ አገሮችም 20 ያህሉ የአእምሮ ሕመም፥ በተለይም የመንፈስ ጭንቀት ያገኛቸዋል። ይህ የእምነት ጉድለትም ሆነ የእግዚአብሔር ቁጣ ምልክት አይደለም።

ነቢዩ ኤልያስም ከታላቅ ድል በኋላ ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞትን ለምኖ ነበር (1ነገ. 19፥4-8)። እግዚአብሔር ግን አልገሠጸውም። መልአኩ ዳሰሰው፤ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፤ ዳግመኛ ሲተኛም ጊዜ ሰጠው፤ መንገዱ ከዐቅሙ በላይ መሆኑንም ነገረው። ለደከመች ነፍስ አስቀድሞ የሚያስፈልጋት ተግሣጽ ሳይሆን ዕረፍት፥ ምግብና አለሁ ባይ ነው።

እንግዲህ ባል ሌሊት ሕፃኑን ተቀብሎ ሚስቱን ያሳርፋት። እናትና አማት ነቀፌታን ይተዉ። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንም ስለ ሕፃኑ ጥምቀት ለመነጋገር ወደ ቤት ስትሄዱ፥ ከክርስትና ስሙ በፊት እናቲቱን «እንቅልፍ ይወስድሻልን? ልብሽስ እንዴት ነው?» ብላችሁ ጠይቋት፤ ሳትቸኩሉም አድምጧት።

ይህ ሕመም መድኅን አለው፤ በምክር፥ ሲያስፈልግም ለምታጠባ እናት ተስማሚ በሆነ መድኃኒት ይታከማል። ሐኪምን የፈጠረ እግዚአብሔር መሆኑን መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ያስተምረናልና፥ እየጸለይን ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰዳት። ራስዋን ወይም ሕፃኑን ለመጉዳት ካሰበች፥ ወይም ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ከሰማች ግን ለአንድ አፍታም ብቻዋን አትተዋት፤ በዚያው ዕለት ወደ ሆስፒታል አድርሷት።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ» የምንላት እናት ያ ምሕረት በእጃችን ይድረሳት። በመስቀል ሥር እናት ትሆነን ዘንድ የተሰጠችን ድንግል ማርያም ስለ አራሶች ሁሉ ታማልድ። አሜን።