ባሱ ይለያል

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ጓደኛችሁ ጆሯችሁ ላይ ማዳመጫ ሰክቶ «በሉ ስሙት፤ ልዩነቱ ታወቃችሁ?» ቢላችሁና ምንም ልዩነት ባትሰሙ ምን ትመልሳላችሁ? ቶሎ አትመልሱ። እኔ በዚህ ጥያቄ ወድቄአለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስልክ ሁሉን ነገር ከመጠቅለሉ በፊት፣ የመዘምራን ልምምድ ባለቀበት አንድ ቅዳሜ፣ ከመካከላችን አንዱ ውጭ አገር ያለ ወንድሙ የላከለትን አይፖድ ይዞ መጣ። አይፖድን በወሬ እናውቀው ነበር እንጂ በእጁ የነካው ጥቂት ሰው ነበር። በቡድኑ ውስጥ በዕድሜ ትንሹ የነበረው ልጅ ደግሞ ከመርካቶ የተገዛች፣ የክብሪት ቀፎ የምታክል ኤምፒ3 ማጫወቻ ነበረችው። ሁለቱም ላይ አንድ መዝሙር ነበር፤ ከአንድ ኮምፒውተር የተጫነ፣ ያው አንዱ ፋይል። አንድ ሰው «እስቲ እናወዳድራቸው» አለ። ነጩን ኢርፎን ከአንዱ እየነቀልን ሌላው ላይ እየሰካን ተራ በተራ አዳመጥን።

የመጀመሪያው «ሰማይና ምድር ናቸው!» አለ። ሁለተኛዋ «ይሄኛው ጥርት ያለ ነው» አለች። ሦስተኛው «ባሱ! ባሱ ይለያል» አለ። አራተኛው እኔ ነበርኩ። አይፖዱ በመጠኑ ከፍ ብሎ ይጮኻል፤ ከዚያ በቀር የሰማሁት ነገር አልነበረም። አፌን ስከፍት ግን የወጣው «አዎ፣ ባሱ ይለያል» የሚል ነበር። ራሴንም ነቀነቅኩ። የባለቤቱ ተራ ሲደርስ ልጁ ዓይኑን ጨፍኖ ሁለቱንም ሁለት ሁለት ጊዜ ሰማ፤ ከዚያ አንድም ቃል ሳይናገር ትንሿን ማጫወቻ ኪሱ ከተታት። ሳቅንበት።

ስለ ባስ የተነገረ ውሸት ማንን ይጎዳል ትሉ ይሆናል። እኔም ያን ዕለት ማታ ይህንኑ ነበር ለራሴ ያልኩት።

የኪስ ማጫወቻ ከሌላው መሣሪያ የሚለየው በመጠኑ ብቻ አይደለም። ቤት ውስጥ በቴፕ የተከፈተውን መዝሙር ሁሉም ይሰማዋል፤ «ድምፁ ተበላሽቷል» ብትሉ አጠገባችሁ ያለው ሰው ወይ ይመሰክርላችኋል ወይ ይከራከራችኋል። በኢርፎን የምትሰሙትን ግን ከእናንተ በቀር የሚሰማው የለም። ሶኒ የመጀመሪያውን ዎክማን በ1979 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጃፓን ውስጥ ለገበያ ሲያቀርብ ይህ ነገር ከኩባንያው መሥራቾች አንዱ የሆኑትን አኪዮ ሞሪታን አሳስቧቸው ነበር። መሣሪያውን ለሙከራ ቤታቸው ወስደው ሲያዳምጡ ባለቤታቸው እንደ ተገለሉ ተሰምቷቸው ቅር መሰኘታቸውን ራሳቸው ጽፈዋል። ስለዚህ ያ ዎክማን ሁለት የማዳመጫ ቀዳዳ ነበረው፤ ሁለት ሰዎች እያዳመጡ መነጋገር ቢፈልጉ ሙዚቃውን ዝቅ የሚያደርግ ብርቱካናማ ቁልፍም ተገጥሞለት ነበር። ገዢው ግን ብቻውን ማዳመጥን መረጠ፤ በኋላ በመጡት ሞዴሎች ሁለተኛው ቀዳዳ ቀረ።

እንግዲህ ብቻችሁን ስለ ሰማችሁት ነገር የምትናገሩት ሁሉ ምስክርነት ነው። ከእናንተ ቃል ሌላ ማረጋገጫ የለውም። እኛ ደግሞ ተነሥቶ መመስከርን ከልጅነታችን የተማርን ሰዎች ነን፤ በየፕሮግራሙ «ሰማሁ»፣ «ተሰማኝ» እንላለን፤ ከፊታችን የተናገሩት ሦስት ሰዎች ሁሉ ሰምተናል ካሉ አራተኛው ዝም ማለት ምን ያህል እንደሚከብደው ታውቁታላችሁ። ይህን እዚህ ልተወው፤ ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል።

ለጓደኞቼ ግን ፍትሐዊ ልሁን። ጆሮ ብቻውን አይሠራም። ሁለት ተመሳሳይ ድምፆች ቀርበውልን አንዱ በጥቂቱ ከፍ ቢል «ከፍ ያለ ነው» አንልም፤ «የተሻለ ነው» እንላለን። ምክንያቱ የታወቀ ነው፤ የሰው ጆሮ ድምፅ ዝቅ ሲል ወፍራሙን ክፍል በደንብ አይሰማም፤ ከፍ ሲል ግን ባሱ ይወጣለታል። ስለዚህ ሦስተኛው ጓደኛችን እውነቱን ተናግሮ ሊሆን ይችላል፤ ምክንያቱን ተሳስቶ እንጂ ባሱንስ ሰምቶታል። የዕቃው ማማር፣ ዋጋው፣ ከአሜሪካ መምጣቱ ሲጨመርበት ደግሞ ጆሮ የሚሰማውን ዓይን ያዝለታል። ይህ ስሕተት ነው፤ ውሸት አይደለም። እኔ ያደረግኩት ግን ሌላ ነው። አልሰማሁም፤ አለመስማቴንም አውቅ ነበር።

ደግሞስ በዚያ ፋይል ላይ ምን ያህል ልዩነት ሊኖር ይችል ነበር? ሲዲ ላይ የአንድ ሴኮንድ ድምፅ 44,100 ጊዜ ይለካል፤ እያንዳንዱ ልኬት 16 ቢት ይይዛል፤ የግራና የቀኙ ሲደመር በሴኮንድ 1,411 ኪሎቢት ገደማ ነው። እኛ ያዳመጥነው ኤምፒ3 ባለ 128 ኪሎቢት ነበር፤ ከአሥራ አንድ እጅ አንዱ ማለት ነው። የቀረው ተጥሏል። የሚጣለውም በዘፈቀደ አይደለም። ከበሮ በሚመታበት ቅጽበት አጠገባችሁ ያለ ሰው ቢያንሾካሹክ አትሰሙትም፤ ኤምፒ3 እንዲህ በሌላ ድምፅ ተሸፍኖ የማይሰማውን ነው እየመረጠ የሚያወጣው። ዘዴውን ካበለጸጉት አንዱ የሆነው ጀርመናዊው ካርልሃይንስ ብራንደንበርግ ሥራውን የፈተነው ሱዛን ቬጋ ያለ ምንም መሣሪያ ብቻዋን በተጫወተችው «ቶምስ ዳይነር» ነበር፤ በመጀመሪያ ሙከራው ድምፅዋ ክፉኛ ተበላሸበት። የሚሸፍን ከበሮ የለማ! ያን ብቸኛ ድምፅ ደጋግሞ እያዳመጠ ነው ያረመው።

ታዲያ ሁለቱም ማጫወቻዎች የተሰጣቸው ይኸው አንድ እጅ ነው። ውዱ ማጫወቻ የተጣለውን መልሶ አያመጣም። ከማጫወቻው ይልቅ ማዳመጫው፣ ከዚያም ማዳመጫው ጆሮ ውስጥ በልኩ መግጠሙ እጅግ ይበልጣል፤ ክፍተት ካለው ባሱ በክፍተቱ ይወጣና ይጠፋል። ገንዘብ ካላችሁ ማዳመጫ ላይ አውሉት። ይህ ምክር እንጂ ስብከት አይደለም።

በሌላው ጫፍ ያለውንም ስሕተት አውቀዋለሁ። ታላላቆቻችን «የካሴቱ ድምፅ ነፍስ ነበረው» ይላሉ። በደርግ ዘመን ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተዘግተው ሳለ መዝሙር ከካሴት ወደ ካሴት እየተገለበጠ ከእጅ ወደ እጅ ያልፍ ነበር፤ በእያንዳንዱ ግልባጭ ላይ የ«ሽ» ድምፅ ይጨመርበታል። እነዚያን ካሴቶች እወዳቸዋለሁ፤ ያደግኩባቸው ናቸው። ድምፃቸው ግን ጥሩ አልነበረም። የባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ቴፑ በሴኮንድ 4.76 ሳንቲሜትር መሄዱ ቀርቶ ይጎተታል፤ መዝሙሩም ይወርዳል። ድንጋዩን ፀሐይ ላይ አስጥተን፣ አንዳንዴም በጥርሳችን ነክሰን መልሰን እንከተው ነበር። በተጎተተ ካሴት ያጠናነውን መዝሙር ይዘን ሄደን ኪቦርዱ አልገጥም ያለን ጊዜ አለ። ስለምወደው ብቻ «ድምፁ ግሩም ነበር» ብል ያው የባሱን ነገር መድገሜ ነው።

ወደ ልጁ ልመለስ። ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ሁለት ልምምድ ቀረ። በሦስተኛው ሳምንት መንገድ ላይ አግኝቼ «ምነው ጠፋህ?» አልኩት። መጀመሪያ ትምህርት በዝቶብኝ ነው አለ። ጥቂት ከሄድን በኋላ ግን «ጆሮዬ ልክ አይደለም መሰለኝ» አለኝ። «ሁላችሁም ባሱን ሰማችሁት። እኔ አራት ጊዜ ሰምቼ አጣሁት። ድምፅ መለየት የማይችል ሰው መዘምራን ውስጥ ምን ይሠራል?»

እኔም ቆም አልኩና «እኔም እኮ አልሰማሁትም» አልኩት።

አላመነኝም። ፈገግ ብሎ «አይዞህ ለማለት ነው፤ ገብቶኛል» አለ። ከሁሉ ይልቅ ያመመኝ ይህ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ውሸቴ ያለ ምንም ጥያቄ ታምኖ ነበር፤ አሁን እውነቱን ስናገር ማጽናኛ መሰለ።

ስለዚህ አይፖዱን ለአንድ ቀን ተውሼ ቤቱ ሄድኩ። ታላቅ እህቱን ከኋላችን አቆምናት። ሳንቲም ትወረውራለች፤ አንበሳው ከወጣ አይፖዱን፣ ካልወጣ ትንሿን ትሰካለች፤ እኛ ዓይናችንን ጨፍነን የትኛው እንደ ሆነ እንናገራለን፣ እርሷ ትጽፋለች። አስቀድመን የሁለቱን ድምፅ እኩል እስኪመስለን አስተካከልን። በመለኪያ ቢሆን ይሻል ነበር፤ አልነበረንም። እያንዳንዳችን 12 ጊዜ ሞከርን።

እኔ 6 አገኘሁ። ሳላዳምጥ ብገምትም ያው ነበር።

እርሱ 11 አገኘ። በግምት ብቻ ከ12 ሙከራ 11 ወይም ከዚያ በላይ የሚያገኝ ሰው ከሺህ ሦስት ያህል ነው። እህቱ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ ቆጠረችው። «በምን አወቅከው?» ብለው ግራ እንደ ገባው አየኝ። «መዝሙሩ ሳይጀምር የእኔዋ ላይ እንደ ሩቅ ዝናብ ያለ ነገር አለ። እሱ እኮ ሁልጊዜም አለ። እናንተ ስለ ባስ ስትናገሩ እሱን ማለታችሁ ስላልነበረ ተውኩት።» ትንሿን እንደገና ሰክቼ መዝሙሩ ከመጀመሩ በፊት ያለችውን ጸጥታ አዳመጥኩ። እውነትም አለ፤ ስስ፣ ግን የማይቋረጥ ሽታ አልባ ጭስ የመሰለ «ሽ» የሚል ድምፅ። ርካሽ ማጫወቻዎች ውስጥ ከሚገኘው ማጉያ የሚመጣ ነው። በሁለቱ መካከል የነበረው እውነተኛ ልዩነት እርሱ ነበር፤ የሰማውም ያ ጆሮዬ ልክ አይደለም ያለው ልጅ ብቻ።

ዓይንን ጨፍኖ ማወዳደር የእኛ ፈጠራ አይደለም። በ2007 ብራድ ሜየርና ዴቪድ ሞራን የተባሉ አሜሪካውያን ከሲዲ ይበልጣል የተባለውን የድምፅ ጥራት ከሲዲው ጥራት ጋር እያቀያየሩ ሰዎችን አስደምጠው ውጤቱን አሳትመው ነበር፤ ከ554 ምላሾች ትክክል የሆኑት 276 ነበሩ፤ ከእኔ ጋር አንድ ነን። በኋላ በ2016 ጆሹዋ ራይስ ብዙ ጥናቶችን በአንድነት መርምሮ ልዩነቱን መለየት ይቻላል፣ ግን ጥቂት ነው አለ። ክርክሩ አልተዘጋም። እኔን የሚማርከኝ ግን መልሱ ሳይሆን ሰዎቹ «አላውቅም፤ እንፈትሽ» ለማለት ፈቃደኛ መሆናቸው ነው።

ልጁ በሚቀጥለው ቅዳሜ ልምምድ መጣ። ማንም ምንም አልጠየቀውም፤ እርሱም አልተናገረም። እኔ ደግሞ በዚያው ዕለት በሁሉ ፊት «ያን ጊዜ ዋሽቼ ነበር» ለማለት አስቤ ገባሁ። ጸሎት ተደረገ፤ ድምፅ አሟሸን፤ አዲስ መዝሙር ተጀመረ፤ መናገሪያ ጊዜውም አለፈ። በሚቀጥለውም ሳምንት እንዲሁ። ነገሩ እየቆየ ሲሄድ ማንሣቱ እንደ ሞኝነት ይታየኝ ጀመር፤ አንድ ሰው ስለ ባስ ይቅርታ ይጠይቃል?

ዓመታት ሄዱ። ከዚያ ቡድን ግማሹ ዛሬ ውጭ አገር ነው። አፕል በ2022 አይፖድን ጨርሶ አቆመ። ትንሿ ማጫወቻ የት እንደ ገባች ባለቤቷም አያውቅም። ያን ቅዳሜ እዚያ ክፍል ውስጥ የነበራችሁ፣ ይህ መጽሔት ከእጃችሁ ከደረሰ፦ ባሱን አልሰማሁትም ነበር።